ራሳችን የገጣጠምነው ኮምፒውተር ሲያስቸግር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ ጭራሽ አልነሳ አለ። ፋኑም አይዞርም። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ማዘርቦርዱን ለመቅበር አትቸኩል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) ነው፤ መብራት ሲመለስ ግፊቱን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነዋ። ሶኬቱን ንቀል፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡትን ገመዶች በሙሉ ከማዘርቦርዱም ከዲስኩም አላቅ። ከዚያ ባለ 24 ፒኑ ትልቅ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ክሊፕ አገናኝና ሶኬቱን መልሰህ ሰካው። ሽቦዎቹ ሁሉም ጥቁር ከሆኑብህ በአረንጓዴው ፋንታ 16ኛውን ፒን ፈልግ። የፓወር ሰፕላዩ ፋን ካልዞረ አብዛኛውን ጊዜ አብቅቶለታል።

ዞረ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ቢጫውን ከጥቁሩ ጋር በመልቲሜትር ስትለካው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት። የእኔው አንዴ ባዶውን 12 እያሳየ፣ ሥራ ላይ ሲሆን 10.8 ይወርድ ነበር። ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ራም ስቀያይር ከረምኩ።

የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን እንዳትከፍቱት! ትልቁ ካፓሲተር ሶኬቱ ተነቅሎም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬት ንቀሉ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መልስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ (ሲአር2032) ቀይር።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮምፒውተር ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ምንድነው?

መልስ፦ መቼ? ጌም ላይ? ሲሞቅ? «ይጠፋል» ብቻ ብለሽኝ ምን ልበል እህቴ።

ጥያቄ፦ አዲስ ገጣጥሜ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 12400ኤፍ ነው።

መልስ፦ «ኤፍ» ያለበት ውስጡ ግራፊክስ የለውም። የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተኸው ይሆናል፤ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካው።

ጠያቂው፦ ኧረ በስመ አብ! በራ። ሁለት ቀን ነው ያለቀስኩት።

አንድ አባል፦ ስክሪን ጥቁር ሲሆን እኮ ራሙን አውጥቶ በላጲስ መጥረግ ነው።

ሌላ አባል፦ ላጲስ የራሙን መሰኪያ ወርቅ ይፍቃል። አልኮል ነው የሚሻለው።

የመጀመሪያው፦ እኔ 10 ዓመት በላጲስ ስጠርግ ምንም አልሆነም።

ሁለተኛው፦ 10 ዓመት ሙሉ የምትጠርገው ታዲያ ለምን ይመስልሃል?

መልስ፦ ተዉ እንጂ! ሰውዬው ኮምፒውተሩ በርቶለታል። በላጲስ የጠረገ ፍርፋሪውን አራግፎ ይመልስ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ስታብላይዘር ይሻላል ዩፒኤስ?

መልስ፦ ሥራቸው ለየቅል ነው። ስታብላይዘር 220ው ሲዋዥቅ ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ግን በውስጡ ባለው ባትሪ ፋይልህን አስቀምጠህ እስክታጠፋ ያቆይሃል። ሳጥኑ ላይ 650 ቪኤ ስላየህ 650 ዋት እንዳይመስልህ፤ ብዙዎቹ 360 እና 390 ዋት ናቸው። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ዋቱን አይቶ ይግዛ። ዩፒኤስ የሌላችሁ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬት ንቀሉ!

ጥያቄ፦ ሰላም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ አልነሳም አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ወጥተህ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ከአዳማው፦ ጋሼ፣ በክሊፑ ሞከርኩት። ፋኑ ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ በል ሌላ ግዛ። ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አስለካው፣ ያውም ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ።