ለእህታችን ጥያቄ፦ ወደ ጃፓን ለትምህርት ከመሄድሽ በፊት

እህቴ፣ የጃፓን መንግሥት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል አመልክተሽ የኤምባሲውን የመጀመሪያ ማጣሪያ ማለፍሽን ነግረሽናል። «አሁን ምን ላዘጋጅ? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ጃፓንኛ ለምን ያስፈልገኛል?» ብለሽም ጠይቀሻል። እንኳን ደስ አለሽ። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄ ሰንዳይ ከተማ አምስት ዓመት ተምሬአለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ሻንጣውን ተዪውና መጀመሪያ መምህር ፈልጊ። ጃፓን ውስጥ ድኅረ ምረቃ መማር ማለት የአንድ ፕሮፌሰር ቤተ ሙከራ አባል መሆን ነው። ጠረጴዛሽም፣ ሳምንታዊ ስብሰባሽም፣ የምርምር ርዕስሽም እዚያው ነው። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ስም አትማረኪ፤ መምህሩን ምረጪ። እኔ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ደብዳቤ በአንድ ሌሊት ለሃያ ያህል ፕሮፌሰሮች ላክሁ፤ አንድም መልስ አላገኘሁም። በኋላ የአንዱን ሁለት የምርምር ጽሑፎች በደንብ አነበብሁና ስለ መመረቂያ ሥራዬ፣ ማለትም መንገድና ግድግዳ ስለሚሰነጥቀው መረሬ አፈር፣ ግማሽ ገጽ ጻፍሁላቸው። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «ናሙናውን ያወጣኸው ከስንት ሜትር ጥልቀት ነው?» አንድ ሜትር ተኩል አልኋቸው። በዚያው ሳምንት የቅድመ ተቀባይነት ደብዳቤዬን ለመጻፍ ፈቀዱ።

ብዙዎቻችን ስንሄድ የምንገባው «ኬንኪዩሴይ» በሚባል የምርምር ተማሪነት መሆኑንም ዕወቂ። ይህ ገና የማስተርስ ተማሪነት አይደለም፤ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብሻል። እኔ የተፈተንሁት ሒሳብና የአፈር ምሕንድስና ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ደብተሮችሽን ለማንም እንዳትሰጪ።

ስለ ቋንቋው፦ «በእንግሊዝኛ ነው» የሚባለው ክፍል ውስጥ እውነት ነው። የቤት ኪራዩ፣ የቀበሌው ቅጽ፣ ሐኪም ቤቱ ግን ጃፓንኛ ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ፊደሎች ለእኛ ሊከብዱን አይገባም። እንደ እኛው ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። የእያንዳንዳቸው መሠረታዊ ምልክት 46 ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትሰጫቸው በሁለት ወር ታነቢያቸዋለሽ። ካንጂው፣ ማለትም ከቻይና የተወሰደው የጽሕፈት ምልክት፣ ቀስ ብሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ስም እንምጣ፤ ማንም ሳይነግረኝ የሄድሁት ይህንን ነው። ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሰፈረው የአያትሽ ስም ከሆነ፣ ጃፓን ውስጥ የምትጠሪው በእርሱ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ታምሜ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ነርሷ ደጋግማ ትጣራለች፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ነው ብዬ ዝም። በአራተኛው ጥሪ ነው የአያቴ ስም መሆኑ የገባኝ። አያቴ ከተወለዱበት ወረዳ ርቀው ሄደው አያውቁም ነበር፤ ስማቸውን ከዚያች ልጅ አፍ ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ነገሩ ግን የገንዘብም ጉዳይ ነው። ካታካና «ለ»ን ከ«ረ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አይለይም፤ አንዱ ስም አናባቢው ረዝሞም አጥሮም ሊጻፍ ይችላል። ባንኩ ስሜን በአንድ መንገድ፣ እኔ ቅጹ ላይ በሌላ መንገድ ጽፈነው የመጀመሪያው ክፍያዬ ሳይገባልኝ ቆየ። ከመሄድሽ በፊት አንድ አጻጻፍ ወስኚና በየቅጹ ሁሉ እርሱኑ ጻፊ።

ቀንም እንዲሁ ነው። የልደት ማስረጃሽ፣ ዲግሪሽና ትራንስክሪፕትሽ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ሬጅስትራር ሄደሽ አሁኑኑ አስተካክዪ። እዚያ ስትደርሺ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጠብቅሻል፤ ዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ይቆጠራል። በፈረንጅ 1998 የተወለደ ሰው ቅጽ ላይ «ሄይሴይ 10» ብሎ ይሞላል፤ 2019 ደግሞ ከሜይ 1 ጀምሮ «ሬይዋ 1» ነው።

ገንዘብ። የምርምር ተማሪ በወር 143,000 የን፣ የማስተርስ ተማሪ 144,000 የን ያገኛል፤ የአውሮፕላኑንም መንግሥት ይሸፍናል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክፍያ ይዘገያል። መመሪያው ራሱ 2,000 ዶላር ያህል ይዛችሁ ኑ ይላል። በእኛ አገር የውጭ ምንዛሬ ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽና ነገ ዛሬ ሳትዪ ጀምሪ። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ከተገኘ እምቢ አትበይ። የግል ቤት ስትከራዪ መያዣ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ለአከራዩ የማይመለስ ስጦታም ይጨመራል፤ ዋስም ይጠየቃል። ቤቱ ደግሞ ባዶ ነው። አብሮኝ የሄደው ልጅ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያሳለፈው በስልኩ መብራት ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው የመብራት መሰኪያ ብቻ ነበር።

ቤት በያዝሽ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻሽን አስመዝግቢ፤ የጤና መድንም ግቢ፤ ከዚያ በኋላ የሕክምናውን 30 በመቶ ብቻ ነው የምትከፍዪው። ትርፍ ሥራ በፈቃድ ነው፤ በሴሚስተር ጊዜ በሳምንት ከ28 ሰዓት አይበልጥም።

ለእናትሽ ደግሞ ቋንጣ እንዳያዘጋጁልሽ ንገሪያቸው። ሥጋ ያለ ኳራንቲን ማስረጃ አይገባም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወስዱታል። የእንጀራ ድርቆሽ ይሻልሻል። በጾም ቀን ግን ተጠንቀቂ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ መረቁ ከዓሣ ነው።

ለፕሮፌሰሩ የምትጽፊውን ረቂቅ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ። ማታ ማታ ጊዜ አለኝ፤ አነበዋለሁ።