ለፕራክቲኩም (ለሥራ ልምምድ) ጀርመን የምትመጪ እህት፣ የፓሪስ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቪዛሽ ላይ ያለውን ቀን እዪ

ጥያቄሽን አነበብኩት። ሽቱትጋርት አካባቢ ያለ ፋብሪካ ለስድስት ወር ፕራክቲኩም ተቀብሎሻል፤ አዲስ አበባ ኤምባሲው የለጠፈልሽ ቪዛ ግን የሦስት ወር ነው። ቅዳሜና እሁድ ፓሪስን፣ ፕራግንና ዙሪክን ማየት ትፈልጊያለሽ፤ «እዚያ ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?» ብለሻል። «ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች) እኮ ነው፣ ዝም ብለሽ ዙሪ» ያሉሽ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ። ስለ ጃኬትና ስለ በርበሬ ሌላ ሰው ይንገርሽ፤ እኔ የምጽፍልሽ ገንዘብና ቪዛ ስለሚያስበላው ነገር ነው።

1. ቤት ስትፈልጊ ከዋጋው በፊት የምትጠይቂው «አንሜልዱንግ (የአድራሻ ምዝገባ) ይቻላል ወይ?» ብለሽ ነው። በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደሽ አድራሻሽን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ለዚህ አከራዩ ፈርሞ የሚሰጥሽ የመግባት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውል ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል። «መመዝገብ አይቻልም፣ ግን ርካሽ ነው» የሚልሽን እለፊው። ቤቱን ሳታዪ ካውሲዮን (የኪራይ ማስያዣ ገንዘብ) ላኪ የሚልሽንም እንደዚያው፤ ካውሲዮን በሕግ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ (ማሞቂያና ሌላ ወጪ ያልተጨመረበት) አይበልጥም። ያለ ምዝገባ የግብር ቁጥርሽ በፖስታ አይመጣም፣ ቁጥሩ ከሌለ ደግሞ አሠሪው ብዙ በሚያስቆርጠው በስድስተኛው የግብር ክፍል ሊቆርጥብሽ ይችላል። የውጭ ዜጎች ቢሮውም (አውስሌንደርቤሆርዴ) መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ የምዝገባ ወረቀት ነው።

እግረ መንገዴን፣ የፖስታ ሳጥኑን አትናቂው። እዚህ አፓርትመንት ላይ የበር ቁጥር የለም፤ ፖስተኛው የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። የእኛ ስም አጻጻፍ ደግሞ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የአያትሽ ስም ገብቶ ከሆነ፣ መዝገቡ ላይም የቤተሰብ ስምሽ እሱ ነው፤ ሳጥኑ ላይም መለጠፍ ያለበት እሱ ነው። የራስሽንና የአባትሽን ስም ብቻ ብትለጥፊ የግብር ቁጥሩም፣ የባንክ ካርዱም፣ የተርሚን (የቀጠሮ) ደብዳቤውም ወደ ላኪው ይመለሳል። የገባሽ ዕለት ማታ በላቲን ፊደል ጽፈሽ በፕላስተር ለጥፊው።

2. ቪዛው። ፓስፖርትሽን ክፈቺና ሦስት ነገር እዪ፤ ዓይነቱ ዲ (የረጅም ጊዜ ቪዛ) መሆኑን፣ የመግቢያው ብዛት «ሙልት» (ብዙ ጊዜ መግባት ይቻላል) መባሉን፣ የሚያበቃበትን ቀን። ዲ ቪዛ እስካልተቃጠለ ድረስ ሌሎቹን የሸንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ማየት ትችያለሽ። ጀርመን የምትቆዪበት ቀን ከዚያ ዘጠና ላይ አይቆጠርም፣ በዚህ አትጨነቂ። ስዊዘርላንድም ሸንገን ውስጥ ናት፤ ለንደን ግን አይደለችም።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። ቪዛው ያልቃል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ገና አልመጣም፣ መሀል ላይ ግን ከሁለት ወር በፊት በርካሽ የተቆረጠ የፓሪስ ትኬት አለ። ካርዱ የሚታተመው በርሊን፣ ቡንደስድሩከራይ በሚባለው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ነው፤ አሻራ ከሰጠሽ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ለአሻራው ተርሚን ማግኘት ራሱ ሌላ ወር ይበላል። ስለዚህ ማመልከቻሽን ቪዛው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን እንደተመዘገብሽ በዚያው ሳምንት አስገቢ። ቪዛው ከማለቁ በፊት የገባ ማመልከቻ ብቻ ነው በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 መሠረት ፈቃድሽን የሚያስቀጥለው። አንድ ቀን ካሳለፍሽ ጉዳይሽ በባለሥልጣኑ በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ቢሮዎቹን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ስልክ የማያነሱ፣ ለኢሜይል አውቶማቲክ መልስ ብቻ የሚልኩ፣ በር ላይ ስትደርሺ «ያለ ተርሚን አንቀበልም» ብለው የሚመልሱ፣ ተርሚን ለመያዝ ስትገቢ ደግሞ ገጹ ባዶ የሆነባቸው ሞልተዋል። በእንግሊዝኛ ብትጠይቂያቸው በጀርመንኛ ነው የሚመልሱልሽ፤ ቃላቸውም ሻካራ ነው። ይህ ሰውን ያበሳጫል፣ ያስለቅሳልም፤ ለተማሪ የሚገባው አቀባበል አይደለም። ነገር ግን ቀኑን የምታስረጂው በወረቀት ነውና አትጨቃጨቂ። ማመልከቻውን በቢሮው የኦንላይን ፎርም ላኪ፣ ያንኑ ደግሞ በአደራ ደብዳቤ (አይንቩርፍ አይንሽራይበን በይ) ላኪና ደረሰኙን ከፓስፖርትሽ ጋር አኑሪው። ውስጡ የሚገባው የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ፣ የምዝገባ ወረቀት፣ የፕራክቲኩም ውል፣ የጀርመን የሥራ ኤጀንሲ የሰጠው ስምምነት፣ ዩኒቨርሲቲሽ ተማሪ መሆንሽን የጻፈልሽ ደብዳቤ፣ የጤና መድን፣ የደመወዝ ወረቀት ነው። ፎቶ በወረቀት ይዘሽ አትሂጂ፤ ከ2025 ሜይ ጀምሮ የሚቀበሉት በዲጂታል የተላከ ፎቶ ብቻ ነው፣ ወይ ፎቶ ቤቱ ኮድ ይሰጥሻል ወይ እዚያው ቢሮው ትነሻለሽ። ክፍያው እስከ 100 ዩሮ ነው።

በመሀሉ የሚሰጥሽ ፊክስዮንስበሻይኒጉንግ የሚባል የሚታጠፍ ወረቀት ነው። ገጽ ሦስት ላይ ሦስት ሳጥን አለ፤ ለአንቺ ምልክት ሊደረግበት የሚገባው ሦስተኛው ነው። መስኮቱ ጋር ቆመሽ አረጋግጪ፤ ወጥተሽ ከሄድሽ በኋላ ማስተካከል ሌላ ተርሚን ነው። በዚህ ወረቀት ጀርመን ውስጥ መኖርና ፕራክቲኩምሽን መቀጠል ትችያለሽ። ፓሪስና ፕራግ ግን ካርዱ እስኪመጣ ይቆዩ። ያለቀ ቪዛና በጀርመንኛ የተጻፈ ወረቀት አይቶ የሌላ አገር ፖሊስ ወይም የአየር መንገድ ሠራተኛ ምን እንደሚወስን ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። ከ2024 ሴፕቴምበር 16 ጀምሮ ደግሞ ጀርመን በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር አስገብታለች፣ ባቡርና አውቶቡስ ላይ እየወጡ ነው የሚጠይቁት። የፓስፖርት ፎቶ ስልክሽ ላይ መኖሩ አይበቃም፤ ዋናውን ያዢ።

አንቺ ያለሽበት አካባቢ ደግሞ ድንበሩ ሳይታወቅ ነው የሚታለፈው። ኬል ከተማ ላይ ትራም ዲ ውስጥ ከገባሽ ራይንን ተሻግረሽ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ነሽ። ኮንስታንስ ላይ በእግርሽ ስትንሸራሸሪ ስዊዘርላንድ፣ ክሮይዝሊንገን ትገቢያለሽ። ቪዛሽ እስካለ ድረስ ሁለቱም ድንቅ የእሁድ ጉዞ ናቸው፤ ካለቀ በኋላ ግን ከወንዙ ወዲህ፣ ከከተማው ወዲህ ቁሚ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። የውጭ አገሮቹን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጨርሺ፣ ጀርመንን ለኋላ አቆዪ። (ገና ቪዛ ያልወጣላችሁ ሌሎች፣ ኤምባሲው ለሙሉው የፕራክቲኩም ጊዜ እንዲሰጣችሁ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ጠይቁ። ዲ ቪዛ እስከ አንድ ዓመት ሊሰጥ ይችላል፤ ከተሰጣችሁ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።)

3. ለአገር ውስጡ ዶይችላንድ ቲኬት (በመላ አገሪቱ የአካባቢ ባቡርና የከተማ ትራንስፖርት የወር ትኬት) ግዢ፤ ከ2026 ጃንዋሪ ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። የወር ኮንትራት ስለሆነ ማቋረጥ የምትችዪው እስከ ወሩ 10 ድረስ ነው፤ 11ኛው ቀን ላይ ካሰብሽው የሚቀጥለውንም ወር ከፍለሻል። የሚሠራው በኤርኤ፣ በኤርቤና በኤስ ባን (የአካባቢ ባቡሮች)፣ በከተማ ትራምና አውቶቡስ ነው። አይሲኢ፣ አይሲና ፍሊክስትሬን (የረጅም ርቀት ባቡሮች) ላይ አይሠራም። ባቡርሽ ቢዘገይም እንኳ በዚህ ትኬት አይሲኢ ላይ መውጣት አይፈቀድልሽም፣ ያ መብት ለመደበኛ ትኬት ነው። መንገድ የምትፈልጊበት የባቡር መተግበሪያ ላይ የአካባቢ ባቡር ብቻ የሚለውን ማጣሪያ ካላበራሽ የማይሆን መንገድ ነው የሚያሳይሽ።

ከሽቱትጋርት ኡልም አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የትልቁ ቤተ ክርስቲያን (ሙንስተር) ግንብ 161.5 ሜትር ነው፣ 768 ደረጃ አለው፣ ጉልበት ካለሽ ውጪው። ቱቢንገንና ሃይደልበርግ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ይመቻሉ። ትኬቱ ኦስትሪያ ውስጥ እስከ ሳልስቡርግ ዋና ጣቢያ ድረስ ይሠራል፣ ያን ግን ቪዛሽ ሳያልቅ ተጠቀሚበት።

መሀል መንገድ ላይ ፉርጎዎቹ ተለያይተው ወደተለያየ ቦታ የሚሄዱ ባቡር አለ፣ ይህን ሳያውቁ ሌላ ከተማ የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ከሙኒክ ወደ ቴገርንዜ ሐይቅ የሚሄደው ሆልዝኪርሸን ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ሻፍትላህ ላይ እንደገና ይከፈላል። ስትሳፈሪ ፉርጎው በር ላይ ያለውን ስክሪን አንብቢ፤ የባቡሩ ራስ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን አንቺ ያለሽበት ፉርጎ የሚሄድበትን።

ትኬቱ በስምሽ ስለሆነ ከመታወቂያ ጋር ነው የሚታየው፤ ስክሪንሾት አይቀበሉም። ስልክሽ ባትሪ ጨርሶ ተቆጣጣሪ ከመጣ 60 ዩሮ ይጽፍብሻል። ደንግጠሽ እዚያው አትክፈዪ። ወረቀቱን ተቀበዪና በሳምንት ውስጥ የኩባንያው ቢሮ ሄደሽ ወይም በኦንላይን በዚያ ቀን የሚሠራ የራስሽ ትኬት እንደነበረሽ አሳዪ፤ ወደ 7 ዩሮ ይወርዳል።

4. አንድ ሰው «ቅዳሜ ቅዳሜ የምግብ ማድረስ ሥራ ሥሪና ለጉዞ ይሁንሽ» ብሎሻል። ቪዛሽ ላይ ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። ፕራክቲኩሙ በዚያ ድርጅት ብቻ የተፈቀደ ከሆነ ሌላ ሥራ ክልክል ነው፣ የፈቃድ ማራዘሚያሽንም ያበላሽብሻል። ድርጅቱም ጊዜውን አራዝሜልሻለሁ ቢልሽ የሥራ ኤጀንሲው ስምምነት የተሰጠው ለዚያ ድርጅትና ለዚያ ጊዜ መሆኑን አስታውሺያቸው፤ አዲስ ስምምነት የሚጠይቀው አሠሪው ነው፣ ያውም የድሮው ቀን ሳያልፍ። የውልሽንና የቪዛሽን የመጨረሻ ቀን እዚህ ጻፊልኝ፣ ማመልከቻው መቼ መግባት እንዳለበት እቆጥርልሻለሁ።