የማጣሪያውን ዋጋ ፕሮፎርማው ላይ አትፈልጉት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ወጥታችሁ በየፋብሪካው ጥገና ክፍል ለገባችሁ ነው። እኔ ጅማ ውስጥ ፓምፕ ስፈታ፣ ማጣሪያ ስገጥም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በብዙ ነገር ትበልጡኛላችሁ። ስለ ማጣሪያ ወጪ ግን የማውቀውን ብነግራችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ፕሮፎርማዎች ይዛ ቤቴ መጣች። ፋብሪካቸው ውሃ የሚስበው ከወንዝ ነው። በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ያህል ያጣራሉ። አንዱ ፕሮፎርማ አራት የፕላስቲክ ሃውዚንግ፣ ማለትም የማጣሪያ ቤት ነው። ሌላው አራት ካርትሪጅ (ውስጡ ገብቶ ውሃውን የሚያጣራው፣ ሲደፈን የሚቀየረው ክፍል) የሚይዝ አንድ የእስቴንለስ ብረት ሃውዚንግ። ቡናው ገና አልወረደም፣ እሷ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው።

"ጋሼ፣ የብረቱ ዋጋ የፕላስቲኩን ስድስት እጥፍ ነው። ግዥ ክፍል ፕላስቲኩን ካልገዛን ብሎ ይዞኛል። እኔ ደግሞ ብረቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?"

"ሁለታችሁም ገና አላሰላችሁም" አልኳት።

ደብተር አወጣን። እዚህ የምጽፋቸው የብር መጠኖች ለማስረዳት ያህል የወሰድናቸው ናቸው፤ እናንተ የዕለቱን የገበያ ዋጋ አስገቡ። ፕላስቲኩ 10,000፣ ብረቱ 60,000 ብር ይሁን። የምናሰላበት ዘመን 10 ዓመት ይሁን። ፕላስቲኩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ይቀየራል ብንል ሦስት ግዥ ነው፣ 30,000። ብረቱ አንዴ ተገዝቶ ይቆያል፣ 60,000። ልዩነቱ 30,000 ብር።

ከዚያ ካርትሪጁን ጠየቅኳት። በበጋው ስምንት ወር በየወሩ ይቀይራሉ። በክረምቱ አራት ወር በየሳምንቱ። በዓመት 25 ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። በአራት ሲባዛ 100 ካርትሪጅ። በ10 ዓመት 1,000። አንዱን 500 ብር ብትሉት ግማሽ ሚሊዮን ብር!

ልጅቷ ስሌቱን ደግማ ሠራችው። እሷና ግዥ ክፍሉ ሳምንት ሙሉ የተከራከሩት በ30,000 ብር ነው። ግማሽ ሚሊዮኑን ያነሳው ሰው የለም። ልብ በሉ፣ ሃውዚንጉ ብረትም ሆነ ፕላስቲክ፣ ውስጡ የሚገባው ያው የፖሊፕሮፒሊን ካርትሪጅ ነው። ቤቱ ብረት ስለሆነ ሆዱ ትንሽ አይበላም።

ይህ ካርትሪጅ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሃውዚንጉን ቀድሞ የገዛ አንዴ ከፍሎ ተገላግሏል። ካርትሪጁን ግን በየወሩ በአዲሱ ዋጋ መግዛት ግድ ነው። ስለዚህ የ10 ዓመት ወጪ ስታሰሉ ደጋግማችሁ የምትገዙትን ዕቃ ከሁሉ በላይ ፍሩት።

በማግስቱ ፋብሪካቸው ሄድኩ። ከቆሻሻው ክምር አንድ ያገለገለ ካርትሪጅ አንስቼ በመጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት። ውጭው እንደ ጡብ ቀልቷል። ቀዩ ግን የጥፍር ውፍረት እንኳ የለውም። ከዚያ ወደ ውስጥ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ያ ነጩ ክፍል በሙሉ ሳይሠራ ነው የተጣለው። የጅማን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ ሲመታው ወንዙ መልኩን ይለውጣል። እነሱ ያንን ጭቃ በቀጥታ በ5 ማይክሮን ካርትሪጅ ነበር የሚቀበሉት (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ላዩ ላይ ተለጥፎ ይደፍነዋል።

መፍትሔው ሃውዚንግ መቀየር አይደለም። ውሃውን መጀመሪያ አሳርፉት። የሸክላ ብናኝ ከ2 ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ ዝም ብሎ አይዘቅጥም፤ አልሙኒየም ሰልፌት ሲገባበት ይያያዝና ይወርዳል። መጠኑን በትንሽ ዕቃ ሞክራችሁ ወስኑ። ቀጥሎ የአሸዋ ማጣሪያ። አሸዋው ውሃ ወደ ኋላ እየተለቀቀበት ታጥቦ ለዓመታት ይሠራል። የብረት ወንፊትም ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ነው፣ ታጥቦ ይመለሳል። 5 ማይክሮኑን መጨረሻ ላይ አድርጉት። እንዲህ አድርጋችሁ የካርትሪጁን ቁጥር በግማሽ ብቻ ብትቀንሱት እንኳ፣ በምሳሌያችን ስሌት 250,000 ብር ተረፈ ማለት ነው። የአሸዋ ማጣሪያውን ዋጋ ከዚያ ላይ ቀንሱና እዩት።

መብራቱንም አትርሱ። የደፈነ ካርትሪጅ ፓምፑን 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተጨማሪ እንዲገፋ ቢያስገድደው፣ ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ግማሹን ጉልበት ብቻ ወደ ውሃው ያደርሳሉ ብንል፣ በቀን 16 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ሲሠራ ወደ 1,300 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ የሌለው ፋብሪካ ይህን በፍጹም አያየውም። ብዙ ቦታ የማየው አንድ ጌጅ ነው፣ እሱም መስታወቱ ጭጋግ የለበሰ።

እንግዲህ ወደ ፕላስቲክና ብረት ልመለስ። ቁም ነገር የላቸውም እያልኩ አይደለም። የሚለያዩት ቦታ ላይ ነው።

በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ የፕላስቲክ ሃውዚንጉ ከፓምፑ አጠገብ ነበር የተተከለው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ በአንዴ ይነሳል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ቧንቧው ጓ! ይላል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ ድንገት ሲቆም ከ10 ባር በላይ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ብዙዎቹ የፕላስቲክ ሃውዚንጎች ላያቸው ላይ የተጻፈው 8 ባር አካባቢ ነው። አንዴ ይችሉታል፣ መቶ ጊዜም ይችሉታል። አንድ ሌሊት ግን ተሰነጠቀ። ጠዋት ስንገባ ክፍሉ ውሃ ይዟል፣ የሞተሩ ሽቦ ተቃጥሏል። መለዋወጫው አዲስ አበባ ነበር፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሦስት ቀን ቆምን። ሠራተኛው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ማየት እስከዛሬ ያመኛል። የነዚያ ሦስት ቀናት ኪሳራ የብረቱን ዋጋ ደጋግሞ ይገዛ ነበር።

ታዲያ ብረት ሁልጊዜ ያድናል? የለም። ሌላ ቦታ ጥሩ እስቴንለስ ነበራቸው፣ 304 የሚባለው። ለማጽዳት ብለው ያልተበረዘ በረኪና ሞልተውበት ቅዳሜ ይወጣሉ፣ ሰኞ ይከፍቱታል። ይህን ደጋግመው አደረጉት። ከብየዳው ዳር ቡናማ ነጥቦች ወጡ፣ የሻይ ጠብታ የሚያካክሉ። አንዱን በሚስማር ጫፍ ነካሁት፣ ሚስማሩ ወደ ውስጥ ገባ። የበረኪናው ክሎሪን እስቴንለስን የሚበላው እንዲህ ነው፣ ዳር ዳሩን ሳይሆን ነጥብ ነጥቡን እየቆፈረ። 316 የሚባለው እስቴንለስ ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ስላለበት ይሻላል፣ እሱም ቢሆን በረኪና ውስጥ ሁለት ቀን ማደር የለበትም። በዚህ በኩል ፕላስቲክ ይበልጠዋል። ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ከሆነ ደግሞ፣ የውስጥ ቀለሙ አንድ ቦታ ከተላጠ ዝገቱ ራሱ ወደ ውሃው ይገባል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፓምፕ አጠገብ፣ ሙቅ ውሃ ባለበት፣ ቦይለር ክፍል ውስጥ፣ ብረት። ግፊቱ ዝቅ ያለና የተረጋጋ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ክሎሪን የሚበዛበት ቦታ ላይ ፕላስቲክ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ፀሐይ ፕላስቲክን ታደርቀዋለች፤ ውጭ የምትተክሉት ከሆነ ቆርቆሮ ጣሉበት። ፕላስቲኩን በፓይፕ ሬንች አታጥብቁት። ኦሪንጉ (ውሃ እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ ከሆነ ቫዝሊን አትቀቡት፣ ያብጣል። የሲሊኮን ግሪስ ነው የሚቀባው። በኦሪንግ ምክንያት ስንት ደህና ሃውዚንግ ሲጣል አይቻለሁ!

የግዥ ክፍል ሰዎችን ደግሞ አትጣሏቸው። እነሱ የተጠየቁት ዝቅተኛ ዋጋ ነው። የ10 ዓመቱን ስሌት በአንድ ገጽ ጻፉና ከፕሮፎርማው ጋር አያይዙላቸው። የካርትሪጁን ወጪ፣ የመብራቱን፣ ፋብሪካው የቆመበትን ሰዓት። ሳይጻፍ የቀረ ወጪ ስብሰባ ላይ አይቆጠርም።

ልጅቷ በመጨረሻ ከፓምፑ ቀጥሎ ብረቱን አስገባች፣ መጨረሻ ላይ ፕላስቲኮቹን። ከሁሉ በፊት ግን ለአሸዋ ማጣሪያው ነው የተሟገተችው። ትናንት ፎቶ ላከችልኝ። ሁለት አዲስ ጌጅ፣ ከማጣሪያው በፊት ያለው 3.1፣ በኋላ ያለው 2.8 ባር ያሳያል፤ ልዩነቱ ገና ትንሽ ነው። ከሥራቸው ግድግዳው ላይ በማርከር ካርትሪጅ የተቀየረበትን ቀን ጽፋለች። ከተቀየረ ሰባት ሳምንት ሆኖታል።