ቅዳሜ ማታ የጠጣሁት ወይን ማክሰኞ ሥራ ያሳጣኛል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ለዓመታት ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ እየሠራሁ ተማርኩ፤ ዘንድሮ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈቃድ ፈተና አልፌ ነርስ ሆንኩ። አንድ ሆስፒታል ኦፈር ሌተር (ልንቀጥርሽ ነው የሚል ደብዳቤ) ልኮልኛል። ደብዳቤው ግን ቅጥሩ የሚጸናው ድራግ ቴስት (የዕፅ ምርመራ) ካለፍኩ በኋላ እንደሆነ ይናገራል። ቅዳሜ ማታ የጓደኛዬ ሠርግ ነበር፤ አራት ብርጭቆ ወይን ጠጣሁ። ዛሬ ሰኞ ደውለው ነገ ጠዋት መጥተሽ ሽንት ስጪ አሉኝ። አልኮል ሽንት ውስጥ እስከ 80 ሰዓት ይቆያል የሚል አንብቤ ሆዴ ተረብሿል። ውሃ በብዛት ልጠጣ? ቀጠሮውን ላስተላልፍ? ወይስ አስቀድሜ ልንገራቸው? ቃለ መጠይቁ ላይ “አልኮል ትጠጫለሽ?” ብለውኝ “አልፎ አልፎ” ብያለሁ። ላይሰንሴስ (የነርስነት ፈቃዴ) ይነካል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀጠሮዎ ነገ ስለሆነ ዛሬ ማታውኑ ጽፌልዎታለሁ። እዚህ የማወጣው ይህን ጥያቄ ብዙ ነርሶች ስለሚጠይቁኝ፣ እርስዎም ስለፈቀዱልኝ ነው።

መጀመሪያ ይረጋጉ። በዕረፍት ቀንዎ፣ በሠርግ ላይ፣ ሕግ የፈቀደውን መጠጥ ጠጡ። ወንጀል አልሠሩም። የሙያ ጥፋትም አላጠፉም። ከወይኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዛሬ ማታ በጭንቀት የሚያደርጉት ነገር ነው። እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ሰው ሲጎዳ ያየሁት በአብዛኛው በዚያ ነው።

አሁኑኑ ሆስፒታሉ የላከልዎትን የስምምነት ፎርም ይክፈቱ። ብዙ ጊዜ ከኦፈር ሌተሩ ጋር በኢሜይል ይመጣል፤ ሰውም ሳያነብ ይፈርመዋል። ምን እንደሚመረመር የሚናገረውን መስመር ይፈልጉ። “አልኮል”፣ “ኤታኖል” ወይም “ኢቲጂ” የሚል ቃል አለው? ከሌለው ጭንቀትዎ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል።

ምክንያቱም የተለመደው ድራግ ቴስት አልኮልን አይፈልግም። ባለ 5 ፓነል የሚባለው አምስት ዓይነት ዕፅ ነው የሚያየው፦ ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒዮይድና ፒሲፒ። ባለ 10 ፓነሉ እንደ ቤንዞዲያዜፒን፣ ባርቢቹሬትና ሜታዶን ያሉትን ይጨምራል። ሆስፒታሎች ለነርሶች ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና ትራማዶልን የሚያክሉበት ጊዜ አለ። ነርስ የመድኃኒት ካቢኔ የምትከፍት ሰው ናት፤ እነሱም የሚፈሩት ከዚያ የሚወጣውን ነው። የሠርግ ወይን የዚህ ፍለጋ ዒላማ አይደለም።

ፎርሙ ላይ አልኮል ካለስ? ያኔ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው አልኮሉን ራሱን ነው የሚፈልገው፤ በትንፋሽ፣ በደም ወይም በሽንት። ሰውነታችን አልኮልን ከደም የሚያወጣው በሰዓት 0.015 በመቶ ገደማ ነው። የቅዳሜ ማታ አራት ብርጭቆ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደምዎ ወጥቷል፤ ማክሰኞ ጠዋት አያገኙትም።

ሁለተኛው እርስዎ ያነበቡት ነው። ኢቲጂ ይባላል። የሚለካው ጉበት አልኮሉን ሲሠራበት የሚተወውን ቅሪት ነው። 80 ሰዓት የሚለው ቁጥር ውሸት ባይሆንም ጣሪያው ነው፤ ብዙ ለጠጣ ሰው፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ መቁረጫ (“ተገኝቷል” በሚያሰኘው መነሻ መጠን) ሲለካ። ጥቂት ብርጭቆ የጠጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይጠራል። መቁረጫው ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ላብራቶሪ በሚሊ ሊትር 100 ናኖግራም ሲያገኝ “ተገኝቷል” ይላል፤ ሌላው 500 ካልደረሰ አይልም። ከቅዳሜ እኩለ ሌሊት እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት 57 ሰዓት ነው። የላብራቶሪ ውጤት ዋስ መሆን አልችልም። ነገር ግን ሰዓቱ ለእርስዎ የሚያደላ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር ልንገርዎ፤ ይህ በተለይ ለእናንተ ለነርሶች ነው። አሁንም ሲኤንኤ ሆነው እየሠሩ ነው። በር በገቡ በወጡ ቁጥር እጅዎን በሳኒታይዘር ያሻሉ። የአብዛኛው ሳኒታይዘር ከግማሽ በላይ አልኮል ነው፤ ትነቱም በአፍንጫ ይገባል። አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫም አልኮል አለው። ኢቲጂ እነዚህንም ሊይዝ ይችላል። ሳምሳ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2006 ባወጣው፣ በ2012 ባደሰው ማሳሰቢያ፣ በኢቲጂ ውጤት ብቻ ሰው መጠጣቱን ደምድሞ ቅጣት መጣል ተገቢ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አልኮል ያለበትን መጉመጥመጫ ይተዉ። ሥራ ከገቡም በሚቻልበት ቦታ ሁሉ እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የትኛው ስቴት እንዳሉ አልነገሩኝም፤ ስለዚህ በመላ አገሪቱ በሚሠራው እጀምራለሁ። በ1990 የወጣው፣ ኤዲኤ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይገዛል። ይህ ሕግ በድራግና በአልኮል መካከል ትልቅ መስመር ያሰምራል። የሕገ ወጥ ዕፅ ምርመራ በሕጉ ዓይን የሕክምና ምርመራ አይደለም፤ ቀጣሪው በፈለገው ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። የአልኮል ምርመራ ግን የሕክምና ምርመራ ነው። ስለዚህ ኦፈር ሌተር ከመስጠቱ በፊት ሊያደርገው አይችልም። ከሰጠ በኋላ ይችላል፤ ያውም በዚያ የሥራ መደብ የሚገቡትን ሁሉ እኩል የሚመረምር ከሆነ። እርስዎ ደብዳቤው በእጅዎ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው በጊዜው ነው የመጣው። የአልኮሉ ምርመራ ለእርስዎ ብቻ የታዘዘ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የሕክምና ውጤቱም ከሌላው የሠራተኛ ፋይልዎ ተለይቶ፣ በምስጢር መያዝ አለበት።

ቃለ መጠይቁ ላይ የጠየቁዎትም ያልተከለከለ ነው። “ትጠጫለሽ?” ማለት ይቻላል። “በሳምንት ስንት ብርጭቆ ትጠጫለሽ?” ማለት ግን ከኦፈሩ በፊት አይፈቀድም፤ ምክንያቱም እሱ የአልኮል ሱስ እንዳለብዎ ወደ መፈተሽ ይሄዳል። እርስዎ “አልፎ አልፎ” ብለው እውነቱን መልሰዋል። በዚያ አይጨነቁ።

ውሃውን ነገር አደራ! በልክ ይጠጡ እንጂ ጀሪካን አይጨርሱ። አንዲት ደንበኛዬ ልክ እንደ እርስዎ ፈርታ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ አደረች። ሽንቷ ውሃ መሰለ። ላብራቶሪው ሽንት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን ክሬያቲኒን የሚባል ንጥረ ነገርም ይለካል፤ በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም ሲወርድ “የቀጠነ” ተብሎ ይጻፋል። ሆስፒታሉ መልሶ ጠራት፤ በዚህኛው ጊዜ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ነው ሽንት የሰጠችው። ምንም አልተገኘባትም። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብቃው የነበረ ነገር ያለ ይመስል አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ማጽጃ ነው ተብሎ የሚሸጠውን መጠጥ፣ የሌላ ሰው ሽንት፣ ሰው ሠራሽ ሽንት እንኳን ሊነኩት፣ ሊያስቡትም አይገባም። ናሙናው ሲሰጥ ሙቀቱ ይለካል። ማጭበርበር በአንዳንድ ስቴቶች ወንጀል ነው፤ በቀጣሪዎች መመሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። የአራት ብርጭቆ ወይን ጉዳይ ላይሰንስዎን ሊነካ የሚችለው በዚህ በኩል ከሄደ ነው።

ቀጠሮውንም አያስተላልፉ። እውነተኛ ምክንያት ከሌለ መዘግየት ጥርጣሬ ይጠራል። አስቀድሞ የመናገሩን ነገር ግን አልመክርም። ማንም ያልጠየቀዎትን ሄደው መናዘዝ አይጠበቅብዎትም። ፎርሙ ላይ በጽሑፍ ከተጠየቁ እውነቱን ይጻፉ። መጠጣት አያስቀጣዎትም፤ በፊርማዎ ሥር ያለ ውሸት ግን ለዓመታት ይከተልዎታል።

ውጤቱ እንደፈሩት ቢመጣስ? ብዙ ቀጣሪዎች ውጤቱን መጀመሪያ የሚልኩት ኤምአርኦ ለሚባል ገምጋሚ ሐኪም ነው። እሱ ለሆስፒታሉ ከመናገሩ በፊት ለእርስዎ ይደውላል። የማያውቁት ቁጥር ስለሚሆን፣ እባክዎ በዚህ ሳምንት የማያውቁትን ስልክ ሁሉ ያንሱ። ሐኪም ያዘዘልዎት መድኃኒት ካለ ማስረጃውን ለእሱ ነው የሚያሳዩት። ስለ ሳኒታይዘሩም፣ ስለ መጉመጥመጫውም፣ ከጠየቀዎት ስለ ሠርጉም እንዳለ ይንገሩት። የቀረው ናሙና በሌላ ላብራቶሪ ይታይልኝ ማለት ይችሉ እንደሆነም ይጠይቁት።

ሆስፒታሉ በኢቲጂ ብቻ ተነሥቶ ኦፈሩን ቢነጥቅዎት፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤውን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። ኢቲጂ ከቀናት በፊት የሆነን ነገር እንጂ ሰክረው ሥራ መግባትዎን አያሳይም። ሚኒሶታ፣ ኒውዮርክ፣ ኢሊኖይና ዊስኮንሲን ደግሞ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ሕጋዊ ነገር ስለተጠቀመ ብቻ ሥራ እንዳይከለከል የሚያደርግ ሕግ አላቸው፤ ለየራሳቸው የተለዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። በኤዲኤ በኩል ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ በብዙ ስቴቶች እስከ 300 ቀን ይረዝማል። ቀኑን አያሳልፉት።

ላይሰንሱን በተመለከተ፣ የነርሲንግ ቦርዶችን የሚያሳስባቸው ጠጥቶ ሥራ መግባት፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ለማመልከቻ ጥያቄ በውሸት መመለስ ነው። ሠርግ ላይ የተጠጣ ወይን ብቻውን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንደ ወንድም ልጠይቅዎ። መልሱን ለእኔ መላክ የለብዎትም። ያስጨነቀዎት የቅዳሜው ሠርግ ብቻ ነው? ወይስ ከቅዳሜው በፊትም፣ ከእሱም በፊት የነበሩት ማታዎች ናቸው? ሁለተኛው ከሆነ አሁን ጥሩ ጊዜ ላይ ነዎት። ሥራ አልጀመሩም፣ በሽተኛ አልተጎዳም፣ ማንም አልከሰሰዎትም። የአልኮል ሱስ በኤዲኤ እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠርና ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ጥበቃው ግን ጠጥቶ ሥራ ላይ ለተገኘ ሰው መሸሸጊያ አይሆንም። በአብዛኞቹ ስቴቶችም ነርሶች ላይሰንሳቸውን ሳያጡ የሚታከሙበት ፕሮግራም አለ። ቦርድ ሳይጠራዎት ራስዎ ሲሄዱና ተይዘው ሲሄዱ፣ በሩ አንድ ይሁን እንጂ አገባቡ በጣም ይለያያል። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ጠበቃ ያማክሩ፤ የሚፈርሙት ውል ለዓመታት ሊያስመረምርዎት ይችላል።

ለነገ መታወቂያዎን፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙንና ያዘዘልዎትን ሐኪም ስም ይያዙ። ቁርስዎን ይብሉ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። የስምምነት ፎርሙን ቅጂ ከመፈረምዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ይላኩልኝ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኬ አጠገብ ነኝ።