«ስሟን ቀይሬዋለሁ እኮ» እና ሌሎች የሳምንቱ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክራችሁ የላካችኋቸው ይመስላሉ፣ ሁሉም ስለ ሰው ችግር መጻፍ ነው የሚያወሩት፣ እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ መከራ። ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የጠያቂ ስም አላወጣሁም (በዚህ ርእስ ላይ ስም ባወጣ መሳቂያ ነው የምሆነው)።

«ሰላም እትዬ። ሪያድ አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ታሪክ እየጻፍኩ ነው፣ ደሞዟን እንዴት እንደከለከሏት፣ እጇን እንዴት እንዳቃጠሏት፣ በ2006 ከዛ ሁሉ ሰው ጋ ስትመለስ ያየችውን። ስሟን ቀይሬዋለሁ እኮ፣ እሷን መጠየቅ ግድ ነው?»

ግድ ነው የኔ እህት። ስም መቀየር ምን መሰለሽ፣ ለማያውቃት ሰው ነው የሚሠራው፣ የማያውቃት ሰው ደግሞ ድሮም አያውቃትም። የምትፈሪላት ሰዎች፣ ማለትም አማቿ፣ ጎረቤቷ፣ የቀድሞ ባሏ፣ እነሱ የሚለዩዋት በስሟ ሳይሆን በተቃጠለው እጇ ነው። ወረዳዋን፣ የልጇን ዕድሜ፣ የተመለሰችበትን ወር ጽፈሽ ስሟን ሰላም ብትያት ምን ሸፈንሽላት?

ድፍረት የሚለውን ፊልም አስታውሺ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገደለችው፣ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፣ ነጻ ወጣች፣ ሀገር ያወቀው ጉዳይ ነው። ፊልሙ ስሟን ቀይሮ ሠራው፣ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ፣ በርሊን ላይም ደገመ። ነሐሴ 2006 መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ምርቃቱ ቆመ። ባለታሪኳ ሳልጠየቅ ነው የተሠራው ብላ ነበር። ሠሪዎቹም የራሳቸው መልስ ነበራቸው፣ ማን ልክ ነው የሚለውን ለዳኛ ልተወው፣ እኔ የማስበው እዛ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው፣ የፊልሙን ሴትዮ ስም ሌላ ብለው ቢጠሯትም ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም።

ደግሞ እኔ ራሴ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ጀማሪ ሪፖርተር ሆኜ ስለ አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ጻፍኩ። ስሟን ቀየርኩ፣ ጎበዝ መስሎኝ። ቲማቲሟን ስድስት ስድስት አድርጋ በክምር እንደምትደረድር፣ የተቀደደ ሰማያዊ ሸራ ከላይዋ እንዳለ፣ ማታ ማታ ለልጆቿ ቡሌ ገዝታ እንደምትገባ ሁሉንም አሰፈርኩ። ለማታውቁ፣ ቡሌ ማለት ከሆቴል የሚተርፍ ምግብ ነው፣ ተቀላቅሎ በርካሽ የሚሸጥ። ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ኮፒ ይዤላት ሄድኩ፣ ደስ ይላታል ብዬ። ጎኗ የምትቀመጠው በርበሬ ሻጭ በዛው ገጽ ጠቅልላ እየሸጠች ነበር፣ የጻፍኩት አርእስት በርበሬ ተቀብቶ አየሁት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ልጄን ትምህርት ቤት ቡሌ ብለው ሰየሙት» አለችኝ፣ ቲማቲሟን እያስተካከለች፣ ቀና ብላም አላየችኝም። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ስሟን ግን ቀይሬዋለሁ!

እና ሁለት ጊዜ ጠይቂያት። አንዴ ከመጀመርሽ በፊት፣ አንዴ ጽፈሽ ስትጨርሺ፣ ሁለተኛው ነው ዋናው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ እሺ ስትልሽ ምን እንደምትጽፊ አታውቅም። በቮይስ አንብበሽ ላኪላት፣ ይሄን ሰርዢው ያለችውን ሰርዢው። ያኔ ከሳውዲ የተመለሰው ከ150 ሺህ ሰው በላይ ነው፣ ዝርዝሩን ከቀነስሽላት እዛ ሕዝብ መሀል ትደበቃለች። መቀነስ ነው ያልኩሽ፣ መፍጠር አይደለም። ያልነበረ ነገር ጨምረሽ እውነተኛ ታሪክ ብለሽ እንዳታወጪው።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ስለ እናቴ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው፣ በሱዳን በኩል እንዴት እንደወጣች፣ ገዳሪፍ ምን እንደደረሰባት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሷ አታነበውም። የእናቴ ታሪክ የኔም አይደል እንዴ?»

ግማሹ ያንተ ነው። ስለ ሱዳን ሲወራ ተነስታ ወደ ኪችን መሄዷን፣ ዕቃ ሳይኖር ዕቃ ማጠቧን አይተህ አድገህ ከሆነ እሱ ያንተ ነው፣ እንደልብህ ጻፈው። ገዳሪፍ ላይ የደረሰባት ግን የሷ ነው።

«አታነበውም» ያልከው ነገር ግን አስደነገጠኝ። እሷ ባታነበው ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የምትቀመጠው ሴትዮ ልጅ ታነበዋለች፣ ለእናቷ ትነግራታለች፣ እናቷ ለዕድሩ ትነግራለች፣ ከዛ እናትህ አንድ እሁድ ቀን ስትገባ ወሬ ለምን እንደቆመ ግራ ይገባታል። ቡና ላይ ያወራችልህ ደግሞ ኢንተርቪው አልነበረም፣ ለልጇ ነው ያወራችው። ስለዚህ ሰው የሌለበት ቀን ምረጥ፣ ምዕራፉን በአማርኛ እየመለስክ አንብብላት። አንዳንዱን «እሱማ እንደዛ አልነበረም» ብላ ታርምሃለች፣ መጽሐፉም ይሻልሃል። ተው ያለችህን ተው፣ እሷ ካለፈች በኋላ አሳትመዋለሁ ብለህም እንዳታስብ፣ ካሰብክ ደግሞ በሕይወት እያለች ንገራት።

«ላነጋገርኩት ሰው ብር ብሰጥ ነውር ነው?»

ለታሪኩ አትክፈል። ብር ሲገባ ሰው የሚያሳዝነውን እየመረጠ ይነግርሃል፣ አይፈረድበትም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን አስቀምጠህ ምሳም ሳትጋብዝ ከሸኘኸው እሱ ነው ነውሩ። ትራንስፖርቱን፣ የቀረበትን የቀን ገቢ ስጠው፣ መስጠትህንም ጽሑፉ ውስጥ ጥቀሰው። ከወጣ በኋላ እንደ ሰው መርዳት ከፈለግክ ማንም አይከለክልህም፣ ብቻ ካሜራ ይዘህ አትሂድ።

«ዩቲዩብ ላይ የተቸገሩ ሰዎችን ታሪክ እናቀርባለን፣ ብዙ እርዳታም ይሰበሰባል። ፊታቸውን ማሳየታችንን አንዳንዶች ይቃወማሉ። ሰው ፊት ካላየ አይሰጥም እኮ እትዬ!»

እውነታችሁን ነው፣ ፊት ካልታየ ብር አይመጣም፣ አልክድም። የታመመ ሰው በናንተ ምክንያት ታክሞ እንደሚድንም አውቃለሁ። ግን ታምብኔሉ ላይ እንባዋን አጉልታችሁ ቀይ ቀስት የምትሰኩበት ነገር ለማን እርዳታ ነው? ቀስቱ አያሳክምም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም ይላል፣ እናንተ ፈቅዳለች ትሉኛላችሁ፣ የቤት ኪራይ ሦስት ወር ያለባት ሴት ካሜራና ብር አንድ ላይ ስታይ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ግን ማታ ስትተኙ አስቡት።

ልጅ ሲሆን ይብሳል። በ1977ቱ ረሃብ ትግራይ ውስጥ አለቀላት የተባለች ሕፃን የካናዳ ቴሌቪዥን ቀረጻት፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤድ በተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ላይ ዓለም አያት። ተረፈች፣ ከ20 ዓመት በኋላ በ1997 ለንደን ሃይድ ፓርክ ትልቅ ሴት ሆና መድረክ ላይ ስትወጣም ሰው የሚያውቃት በዛው በሕፃንነት ፊቷ ነበር። ያ ምስል ስንት ሰው እንዳበላ አይካድም፣ እሷን ግን ያኔ ማን ሊጠይቃት ይችል ነበር? ቢያንስ እናንተ የልጆቹን ፊት ሸፍኑ፣ የእናትየው ይበቃል።

ሌላው፣ ቪዲዮ ከእጃችሁ ከወጣ የናንተ አይደለም። ጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ አሳየ፣ የተደበቀውን የገለጠ ትልቅ ሥራ ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ እዛው ፊልም መሀል ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡና የቤተ መንግሥት ድግስ አስገብቶ ለሕዝብ አሳየው፣ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ፊልሙ ላይ ያሉት የወሎ ሰዎች ለካሜራው ሲቀመጡ የፈለጉት እህል ነበር።

«በሰሜኑ ጦርነት ስለተደፈሩ ሴቶች እየሠራሁ ነው። አንዷ ስትናገር አለቀሰች፣ ሪከርደሩን ላጥፋው አልኩ፣ ኤዲተሬ ግን ለቅሶው ነው ስቶሪው አለኝ።»

አጥፊው። ኤዲተርሽን ደግሞ እህቱ ብትሆን ብለሽ ጠይቂልኝ።

ከዛ በፊት ግን፣ ይቺ ሴት ታሪኩን ስትናገር ስንተኛ ጊዜዋ ነው? ለጤና ጣቢያ ተናግራለች፣ ለፖሊስ፣ ለእርዳታ ድርጅት፣ አሁን ለአንቺ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙራድ ኮድ፣ ከእንደዚህ ዓይነት ጥቃት የተረፉ ሰዎችን ስለሚያነጋግሩ ሁሉ የተጻፈ መመሪያ ነው፣ መጀመሪያ የሚያስጠይቅሽ በጭራሽ ማነጋገር ያስፈልግሻል ወይ የሚለውን ነው። ካስፈለገሽ የት እንደምትቀመጥ እሷ ትምረጥ፣ በሩን የምታይበት ቦታ ይሁን። የተፈጸመውን ዝርዝር ካላነሳችው አታንሺው፣ ስለ አሁኑ ጠይቂያት፣ ምን ትፈልጋለች፣ ማን ከለከላት። ስትጨርሺ ደግሞ በሩን ዘግተሽ እንዳትሮጪ፣ ስለ እህል ዋጋም ቢሆን አውሩ፣ እዛው መከራ ውስጥ ጥለሻት አትሂጂ። ለቅሶዋን «አለቀሰች» ብለሽ በአንድ ቃል ብትጽፊው ይበቃል።

«ልጄ፣ እኔ ሰባ አልፎኛል። በቀይ ሽብር የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ የነበረ ሰው ወንድሜን አስይዞታል። ያስያዘው ሰውዬ ሞቷል፣ ልጁ ግን ጎረቤቴ ናት፣ ስታመም ሾርባ የምታመጣልኝ እሷ ናት። ማስታወሻዬ ላይ ስሙን ልጻፈው?»

አባባ፣ ይጻፉት ነው የምለው። እስካሁን ስለ ገመና ነው ሳወራ የቆየሁት፣ ገመና ያለው የተበደለው ሰው ነው፣ ወንጀል ግን ገመና አይደለም። የስም ማጥፋትን የሚመለከተው የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 2044ም የሚያወራው በሕይወት ስላለ ሰው ነው፣ ሕጉ ብዙም አያሳስብዎ። የሚያሳስበኝ አስይዞታል የሚለው ቃል ነው። አይተዋል ወይስ ተነግሮዎት ነው? በር ሲያንኳኳ በዓይንዎ ካዩ «አየሁት» ብለው ይጻፉ፣ ሰው ነግሮዎት ከሆነ «እከሌ ነገረኝ» ይበሉ፣ ያ ዘመን በሹክሹክታ ብቻ ስንቱን እንደበላ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ልጅቷን ደግሞ መጽሐፉ ሳይወጣ ይንገሯት። ፈቃድ አይጠይቋት፣ ይንገሯት ብቻ። ሾርባው ይቀር ይሆናል።

«ነገ ሊወጣ ዛሬ ማታ ደውላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለችኝ። ሁለት ወር የለፋሁበት ነው!»

ባለሥልጣን ናት? አይደለችም? እንግዲያው አታሳትመው። የነገሩህ ሰዎች ታትሞ ሲያዩት ሐሳብ መቀየራቸው አዲስ ነገር አይደለም፣ ኋላ ኖቤል የተሸለመችውን ጸሐፊ ስቬትላና አሌክሲየቪችን እንኳን በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሚንስክ ፍርድ ቤት ያቆሟት ስለ አፍጋኒስታኑ ጦርነት ራሳቸው ከነገሯት ሰዎች ጥቂቶቹ ናቸው። አንተ እድለኛ ነህ፣ ቀድማ ደውላልሃለች። ደውልላትና ምኑ እንዳስፈራት ጠይቃት፣ አንድ አንቀጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ካለች ሁሉንም ሰርዝ፣ ኤዲተርህ ለባዶው ገጽ የሆነ ነገር ያገኛል፣ ካጣም የኔን ጥያቄና መልስ ይውሰድ፣ እኔ ፈቅጃለሁ።