የአንባቢያን ጥያቄ፦ ልጃችንን የት እናስገባት?

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ መምህርት። እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን በመስከረም 7 ዓመት ይሞላታል፤ 1ኛ ክፍል ትገባለች። ታናሽ ወንድሟ 5 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ አይሱዙ ይነዳል፤ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። የሁለታችን ገቢ ተደማምሮ በወር 16,000 ብር ቢሆን ነው።

ከፊታችን ሦስት ትምህርት ቤቶች አሉ። አንደኛው የመንግሥት ነው፤ በእግር 10 ደቂቃ ያስኬዳል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ግን 60 ልጅ ይቀመጣል። ሁለተኛው የግል ነው፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ እናስተምራለን ይላሉ። በወር 1,800 ብር፣ ለሰርቪስ 900 ብር፣ ለመመዝገቢያ 2,000 ብር፣ ለመጽሐፍና ለዩኒፎርም 4,500 ብር ይጠይቃሉ። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእግር 25 ደቂቃ ይሆናል፤ ክፍያው በወር 600 ብር ነው። ከጎረቤቶቻችን ልጆች የመንግሥቱም የቤተ ክርስቲያኑም ተማሪዎች አሉ።

ባለቤቴ “የ12ኛ ክፍልን ውጤት አላየሽም? እንግሊዝኛ ያልያዘ ልጅ የትም አይደርስም” ይላል። አማቴ ቄስ ናቸው፤ “የልጅ ልጄ ዳዊት ሳትደግም አታድግም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት እያለ ወዴት ትሄዳላችሁ?” ብለው ተቆጥተዋል። ምዝገባው በነሐሴ ነው። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት እናት

መልስ

ልጄ፣ ከምክሩ በፊት ከራሴ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። እኔ 31 ዓመት ያስተማርሁት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ያውም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ነው። የመጨረሻ ልጄን ግን ያኔ በከተማው ስሙ የገነነ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስገባሁት። 3ኛ ክፍል ሳለ በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ወጥቶ ረጅም የእንግሊዝኛ ግጥም በቃሉ ወረደው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የእኔም ዕንባ መጣ። የዚያኑ ዕለት ማታ እናቴ ከፋርማሲ ያመጣችውን የመድኃኒት ከረጢት ሰጠችውና “እስኪ አንብብልኝ፣ መቼ ነው የምውጠው?” አለችው። በእስክሪብቶ የተጻፉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ “ከምግብ በኋላ”። ልጄ ጣቱን እያስኬደ “ከ… ም… ግ… ብ” አለ። ትንሽ ቆይቶ “በ” አለ። “ኋ” ላይ ሲደርስ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ዲቃላ ፊደላቱን ማንም አላስተማረውም። ደብተሩን አወጣሁት። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ በየገጹ ቀይ የራይት ምልክት አለበት፤ ከሰሌዳ የገለበጠውን ግን አያነበውም። እኔ መምህርቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ደብተር ሳገላብጥ የማየው ንጽሕናውን ነበር።

ከዚያች ማታ ወዲህ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ፣ አይቶት የማያውቀውን ገጽ አንብቦ ምን እንደሚል ይነግርሻል? የሚነግርሽ ከሆነ የባለቤትነቱ ነገር፣ የአጥሩ ቀለም፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

ባልሽ የ12ኛ ክፍልን ውጤት ማንሣቱ አግባብ አለው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። እኔም ያን ውጤት የሰማሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጥሬያለሁና። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ችግሩ የሚጀምረው እላይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህል በገዛ አፋቸው ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በአፍ መፍቻው ማንበብ ያቃተው ልጅ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ አንብብ ሲባል በምን አቅሙ? በክፍሌ ያየሁትን ልንገርሽ፦ አማርኛውን አቀላጥፈው የሚያነቡት ልጆች የእንግሊዝኛውን ፊደል በአንድ መንፈቀ ዓመት ይይዙታል። አማርኛው ያልጸናላቸው ግን ሁለቱንም ያምታቱታል፤ “ቢ”ን ከ“ዲ”፣ “ሰ”ን ከ“ለ” መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ። የባልሽን ፍላጎት አልነቅፍም። መንገዱ ግን በአማርኛ ንባብ በኩል ነው የሚያልፈው።

የግሉ ትምህርት ቤት ለእናንተ አይሆንም የምለው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። እስኪ አብረን እናስላው። በወር 1,800 በ10 ወር 18,000 ብር ነው። ሰርቪሱ 9,000። መመዝገቢያው፣ መጽሐፉና ዩኒፎርሙ 6,500። የአንድ ልጅ የአንድ ዓመት ወጪ 33,500 ብር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሟ ሲከተላት፣ ክፍያው ባለበት ቢቆይ እንኳ፣ 67,000 ነው። የዓመት ገቢያችሁ 192,000 ብር ነው፤ ከሲሶው በላይ ሄደ ማለት ነው። ባልሽ መኪናው ተበላሽቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሁለት ወር ቤት ቢቀመጥስ? ወላጆቻቸው ክፍያ አቅቷቸው 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ላይ የሚያስወጧቸውን ልጆች እኔ ነበርሁ የምቀበላቸው። ጓደኛ የላቸውም፤ በእንግሊዝኛ የተማሩትን ሒሳብ በአማርኛ ሲጠየቁ ያፍራሉ፤ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤት ሲመረጥ የ1ኛ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን እስከ 8ኛ ድረስ የሚያዘልቀውን አቅም ነው ማየት።

ደግሞም ብርዱ አለ። የደብረ ብርሃንን ኅዳርና ታኅሣሥ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነው የሚነጋው። ከከተማው ጫፍ ለጫፍ የሚዞር ሰርቪስ ልጅሽን ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ደጅ ያቆማታል። እኔ በእነዚያ ወራት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እርሳስ አላስይዝም ነበር። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ፊደሉን በአፋቸው ያወጡልኛል፤ ጣታቸው ሲፈታ ነው ደብተር የሚገለጠው። የ10 ደቂቃ መንገድ የተራመደች ልጅ ደሟ ሞቆ ትደርሳለች። ለአንድ ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ የተንገላታችው ግን ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ታንቀላፋለች።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ፤ የእሳቸው ነገር ልቤን ነክቶታል። እኔም ፊደል የቆጠርሁት መንዝ ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ነው። ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካን ነበር የምናነበው። የዚያ ትምህርት ትልቁ ጉልበት ምን እንደነበር የገባኝ ራሴ መምህርት ከሆንሁ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የኔታ ፊት ይቀርባል፤ የዛሬዋን ገጽ ሳያውቅ የነገዋ አትገለጥለትም። ከጎኑ ያለው ልጅ ቀድሞት ቢሄድም እሱ እዚያችው ገጽ ላይ ይቆያል። እኛ ዘመናዊዎቹ ይህንን ነው የጣልነው፤ 60ውን ልጅ አንድ ላይ እያስጮኽን ገጽ እናዞራለን።

ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሁለት ናቸው። ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ቢሆንም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምረው የክልሉን ሥርዓተ ትምህርት ነው። 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ልጆቹ የሚቀመጡበት ፈተና የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የሚፈተኑት ያው ፈተና ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጣል ተብሏል። ልጅን በእምነቱ ኮትኩቶ ማሳደግ ደግሞ በአንቀጽ 27 ለወላጅ የተጠበቀ መብት ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ጥሩ ሥርዓት፣ ጨዋ መምህራን፣ ልጅን የሚያከብር ግቢ ሊኖረው ይችላል፤ እንዲህ ያሉትን አይቻለሁ። ዳዊቱን ግን የክፍል መምህሯ ታስተምርልኛለች ብለው አማትሽ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ሳይመዘገቡ በፊት ሄደው ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ዳዊት የሚያስተምር ሰው እቤታችሁ ቁጭ ብሎ እንዳለ አለማየታችሁ ነው የሚገርመኝ! ዛሬውኑ ቡና አፍልተሽ አማትሽን ጥሪያቸው። “አባቴ፣ ይህን ክረምት ፊደሉን እርስዎ ያስቆጥሩልኝ፤ ዳዊቱንም ሲደርስ እርስዎ ያስጀምሯታል” በያቸው። ዝናቡ ቤት ሲያስቀራቸው በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ እየነኩ፣ ለብቻዋ፣ ሳታውቅ ሳያልፏት። ዲቃላዎቹንም አደራ። መስከረም ላይ ልጅሽ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ብትገባ ከ60ው ልጅ መካከል አትጠፋም። የአማትሽም ቃል ይከበራል።

እንግዲህ የቀሩት የመንግሥቱና የቤተ ክርስቲያኑ ናቸው። አሁን ክረምት ስለሆነ ክፍል ገብተሽ ማየት አትችዪም፤ ልጆቹ ግን ሰፈር ውስጥ አሉ። ከየትምህርት ቤቱ 2ኛ ክፍልን የጨረሱ ሁለት ሁለት ልጆች ፈልጊ። ዳቦ ቁረሺላቸው፣ አጫውቻቸው። ከዚያ አይተውት ከማያውቁት መጽሐፍ፣ ከመሐሉ፣ ሥዕል የሌለበትን ገጽ ገልጠሽ አምስት መስመር አስነብቢያቸው። የመማሪያ መጽሐፋቸውን አትስጪያቸው፤ በቃላቸው ሸምድደውት ይሆናል። አንብበው ሲጨርሱ ዘግተሽ “ምን ይላል?” በያቸው። ልጆቹን ግን ፈተና ነው ብለሽ አታስደንግጪ፤ ያቃተውንም ጎበዝ ብለሽ ሸኚው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ከሁለት ሁለት ልጅ ሁሉም ነገር አይታወቅም፤ ሆኖም ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግርሻል።

ለምዝገባ ስትሄጂም ርእሰ መምህሩን ባለፈው መስከረም 1ኛ ክፍልን የያዘችው መምህርት እስከ ሰኔ ቆይታ እንደሆነ ጠይቂ። በዓመት ሦስት መምህር የተቀያየረበት 1ኛ ክፍል ውስጥ ማንበብ የሚለምድ ልጅ ጥቂት ነው። መጸዳጃ ቤቱንም ራስሽ ገብተሽ እዪው፤ ውኃ ከሌለው ሴት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ ትውላለች።

የሁለቱም ትምህርት ቤቶች ልጆች ንባብ እኩል ከሆነብሽ እኔ የቅርቡን የመንግሥቱን እመርጥልሻለሁ። 60 ልጅ ብዙ ነው፤ አልዋሽሽም፤ አንዲት መምህርት በቀን 60 ልጅ ማስነበብ አትችልም። ስለዚህ ማታ ማታ አንቺ ወይም ባልሽ 15 ደቂቃ አስነብቧት። ለቤተ ክርስቲያኑ የምትከፍሉት በዓመት 6,000 ብር ነበር፤ በእሱ የተረት መጻሕፍት ግዙላት። ባልሽ ከመንገድ ሲመለስ አንድ አንድ መጽሐፍ ይዞላት ይምጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ጎላ ብለው ከተሻሉ ግን 25 ደቂቃው አያስፈራሽ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትሂድ።

ጥያቄ

እትዬ፣ እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ 3ኛ ክፍልን ጨርሷል። ጠዋት ትምህርት ቤት ይውላል፤ ከዐስር ሰላት በኋላ እስከ መግሪብ ቁርኣን ቤት ይማራል። ማታ የቤት ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ “ሁለቱንም በአንድ ግቢ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ እኔ ጋ ላከው” ይለኛል። ልላከው?

መልስ

ወንድሜ፣ አይላኩት። የ9 ዓመት ልጅ ከእናቱና ከአባቱ ተለይቶ ሄዶ የሚያገኘው ትምህርት፣ የሚያጣውን አይተካለትም። ሲታመም የሚያየው፣ ሲከፋው ፊቱን አይቶ የሚያውቅበት ሰው ይፈልጋል።

እኔ ሮቢት ላይ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከቁርኣን ቤት የሚመጡትን ልጆች ወዲያው ነበር የምለያቸው፤ አንድ ጊዜ የነገርኋቸውን አይረሱም፤ ሰው ሲናገር ጸጥ ብለው መስማት ያውቁበታል። ያን ትምህርት እንዳያስተዉት። የልጅዎ ችግር ድካም ነው የሚመስለኝ። የሮቢት ሙቀት ለአዋቂም ከባድ ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሳያርፍ ነው ሉሁን የሚይዘው። ምሳውን በልቶ አንድ ሰዓት ይተኛ። ከዚያ ተነሥቶ የቤት ሥራውን ቁርኣን ቤት ከመሄዱ በፊት ይጨርስ፤ ማታ የሚቀረው እራቱንና ጨዋታውን ብቻ ይሁን።

ኡስታዙንም ያነጋግሯቸው። ከሳምንቱ ሁለት ቀን እንዲቀንሱለትና ያንን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ እንዲያካክሱት ይጠይቋቸው። እኔ ያነጋገርኋቸው ኡስታዞች ለልጁ የሚበጀውን ሲነግሯቸው እምቢ ያሉበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልጁንም ይዘውት ይሂዱ፤ የትኞቹ ቀናት እንደሚከብዱት ራሱ ይናገር።