14 አይነት ቲማቲም በዛ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ስራ ላይ ሆኜ አየሁት ግን በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ቤት እስክገባ ተውኩት። እንግዲህ ከአፓርትመንት ወጥታችሁ ሜሪላንድ ቤት ገዝታችኋል (እንኳን ደስ ያላችሁ!)፣ እስካሁን ባልኮኒ ላይ በባልዲ ነበር የምትተክዪው፣ አሁን መሬት ሲገኝ 14 አይነት የቲማቲም ዘር፣ በዛ ላይ ቃሪያ፣ የሀበሻ ጎመን፣ ዙኪኒ፣ በሶብላ ምናምን ገዝተሽ "አበዛሁት እንዴ?" ነው የምትዪው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ ለመጀመሪያ አመት ሁለት አይነት ይበቃሻል ብለውሻል። እኔ እዚህ ጋ አልስማማም። ሰው የሚቸገረው አይነቱ በዝቶ አይደለም፣ ከየአይነቱ ስንት እግር ተከልሽ ነው ጉዳዩ።

እኔ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛን አመት 11 አይነት ነበር የያዝኩት፣ ከየአይነቱ አራት አራት እግር፣ 44 እግር ቲማቲም ማለት ነው! ባለቤቴ "መቂን ነው እንዴ የገዛነው" እያለች ስትስቅብኝ ከረመች። ችግኙ ሜይ ላይ ስታዪው ትንሽዬ ነገር ነው፣ ስለዚህ አጠጋግተሽ ትተክያለሽ፣ ጁላይ ላይ ግን ከኔ ቁመት በላይ ሆኖ እርስ በርሱ ተጠላልፎ መሀሉ መግባት አልቻልኩም፣ ንፋስ አይገባው፣ ዝናብ ከመታው በኋላ ቅጠሉ አይደርቅ፣ ከዛ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ መሀሉ ግራጫ ዙሪያው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያዘውና እያቢጫጨ ወደ ላይ ወጣ። ሴፕቶሪያ ይሉታል፣ በዚህ አገር እርጥበት የታወቀ በሽታ ነው። የባሰው ደግሞ ስማቸውን እንጨት ላይ በማርከር ጽፌ ነበር፣ ፀሀይ አጠፋውና የቱ የቱ እንደሆነ ሳላውቀው ቀረሁ። አንደኛው የምር እንዴት ይጥም እንደነበር፣ ስሙን እስከዛሬ አላገኘሁትም። አንቺ በእርሳስ ጻፊ፣ እርሳስ ፀሀይ አያጠፋውም፣ ደግሞ መደቡን ወረቀት ላይ ሳዪውና በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ስለዚህ አንድ አንድ እግር ትከዪ፣ በመሀላቸው ቢያንስ 24 ኢንች፣ ከቻልሽ 36 ተይ። መሬትሽ የቱን እንደሚወድ ማንም አይነግርሽም፣ የኔ ግቢ የተሳካለት ጎረቤቴ ጋ አልሆነም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀንሺ፣ ከዝርዝርሽ ውስጥ አምስቱ ቼሪ (ትንንሾቹ) ናቸው፣ አንድ እግር ሰንጎልድ እኮ ለቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው፣ በየቀኑ በሳህን ትለቅሚያለሽ፣ ልጆቹ ቆመው ይጨርሱታል። ሮማውን ደግሞ ጨምሪ፣ አራት እግር አድርጊው፣ ምክንያቱም ለስልስ ውሃ የማይበዛው እሱ ነው። ቸሮኪ ፐርፕል (ጠቆር ያለውን ቲማቲም) ለስልስ እንዳታባክኚው፣ ለቲማቲም ሰላጣ በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ነው፣ መልኩን አይተሽ የተበላሸ እንዳይመስልሽ። ዘር ማስቀረት ከፈለግሽ ከቸሮኪው አስቀሪ፣ ሰንጎልድ ዲቃላ ስለሆነ ከዘሩ ያው ራሱ አይበቅልልሽም።

አሁን ወደ መሬቱ። አካፋ ከማንሳትሽ በፊት 811 ደውዪ፣ ነፃ ነው፣ የጋዝና የመብራት መስመር ካለ መጥተው በቀለምና በባንዲራ ምልክት ያደርጉልሻል፣ ግን ጥቂት የስራ ቀን ይፈጃል። ሁለተኛ ቀና ብለሽ ዛፎቹን እዪ፣ ብላክ ዋልነት ካለ ራቂ፣ ስሩ የሚያወጣው ነገር ቲማቲም ይገድላል፣ ውሃ እያለው ጠውልጎ ሲሞት ታዪዋለሽ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሰራ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ስር አትትከዪ፣ የድሮ ቀለም ሊድ (መርዛማ ብረት) ነበረው፣ ተላልጦ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ አፈር ስታስመረምሪ ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት) ብቻ ሳይሆን ሊድም ይታይልኝ በያቸው።

የዚህ አካባቢ አፈር ቀይ ሸክላ ነው። ለመቆፈር ቸኩለሽ እርጥብ እያለ እንዳትነኪው፣ አንድ እፍኝ አንስተሽ ጨብጪው፣ በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ከተፈረፈረ ቆፍሪ፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሁለት ሶስት ቀን ታገሺ፣ አለዚያ ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆንብሽ። አሸዋ ጨምሪበት የሚልሽን አትስሚ። ኮምፖስት ሁለት ሶስት ኢንች ከላይ አልብሺና ቀላቅዪው፣ በቃ።

ኮምፖስት ካልኩሽ አይቀር በሁለተኛው አመት የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ ፈረስ የሚያረባ ሰውዬ ፍግ በነፃ ውሰዱ ብሎ ለጥፎ አየሁና ነፃ ነገር ማን ይጠላል፣ በጓደኛዬ ፒካፕ ሁለት ዙር አመጣሁ፣ የበሰለ ነው፣ ሽታ እንኳን የለውም። ቲማቲሙን በተከልኩ በሶስተኛው ሳምንት ጫፍ ጫፉ መጠምዘዝ ጀመረ፣ አዲሱ ቅጠል ቀጥኖ ተጨማዶ ፈርን የሚባለውን ተክል መሰለ። ቫይረስ መስሎኝ አምስት እግር ነቅዬ ጣልኩ። በኋላ ስጠይቅ ለካ ፈረሶቹ የበሉት ድርቆሽ የአረም መድሀኒት የተረጨ ነው፣ ያ መድሀኒት ሳር አይገድልም፣ በፈረሱ ሆድ አልፎ ይወጣል፣ ፍጉ ቢበስልም ቶሎ አይጠፋም። ሰውዬውም አያውቅም ነበር፣ ድርቆሹን ከሰው ነው የሚገዛው። ጎመኑ ግን እዛው መሬት ላይ ምንም አልሆነም፣ ቲማቲምና ፎሶሊያ ናቸው የማይችሉት። አሁን ከየትም ፍግ ይምጣ መጀመሪያ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ ሁለት ሶስት ማሰሮ ላይ ፎሶሊያ እዘራበታለሁ፣ ሌላ ማሰሮ ላይ ደግሞ ፍግ የሌለበት፣ በሶስት ሳምንት ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ይታወቀኛል።

ከባልዲ የምታመጪው ልማድ ሁለት ቦታ ላይ ይጎዳሻል። ባልዲ ላይ በየቀኑ ነው ውሃ፣ መሬት ላይ ግን ስር ከያዘ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ጠለቅ አድርጊና ተዪው፣ ስሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታርከፍክፊ፣ ከላይ ገለባ ጎዝጉዢበት። ውሃው ሲዘበራረቅ ነው የሮማው ቂጥ የሚጠቁረው፣ በሽታ አይደለም፣ ካልሲየም ከውሃ ጋር ስለሚሄድ ነው፣ የእንቁላል ቅርፊት ብትቀብሪ ለዛ አመት አይደርስልሽም። ሌላው ማዳበሪያ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ታጥቦ ስለሚወጣ በየጊዜው ትጨምሪ ነበር፣ መሬት ላይ እንደዛ ካደረግሽ ቅጠሉ ጫካ ይሆንና ፍሬ የለም።

ቲማቲሙን እናቶች ቀን አካባቢ ትከዪው፣ ከዛ በፊት ለአንድ ሳምንት ውጪ እያወጣሽ አለማምጂው፣ ግንዱን ከግማሽ በላይ ቅበሪው ምክንያቱም ከተቀበረው ግንድ ስር ያወጣል። ቃሪያና በሶብላ ብርድ አይወዱም፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ጎመኑ በተቃራኒው ነው፣ ማርች መጨረሻ ላይ ዝሪው፣ ጁን ላይ ሲሞቅ አበባ ያወጣብሻል፣ አትዘኚ፣ ኦገስት ላይ እንደገና ዝሪ፣ የበልጉ ሳይሆን የኦክቶበሩ ነው የሚጣፍጠው። ነጭ ቢራቢሮ ካየሽ መረብ አልብሺው፣ ትሉ ከሷ ነው። ዙኪኒ አንድ እግር!! ግንዱ ስር የእንጨት ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ ትል ገብቶበታል።

ቲማቲሙ ላይ ደግሞ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ትል ታገኛለሽ፣ ቅርንጫፍ በአንድ ሌሊት ይላጫል። ጀርባው ላይ ነጭ ሩዝ የመሰለ ነገር ከተደረደረበት አትግደዪው፣ የተርብ ልጆች ናቸው፣ እሱ አልቆለታል፣ እነሱ ወጥተው ሌላውን ይፈጁልሻል። እማዬ ለጉብኝት መጥታ በነበረ ጊዜ ይሄን ሳሳያት "ውይ በስማም" ብላ እስክትሄድ ድረስ ጓሮ አልገባችም።

አጥር ሳትሰሪ ግን ምንም አትትከዪ፣ ግራውንድሆግ (ጉድጓድ የሚቆፍር እንስሳ) አንድ ጠዋት ውስጥ ጎመኑን ከመሬት እኩል ያደርገዋል፣ ሽቦውን ከመሬት በታች 12 ኢንች ቅበሪው። አጋዘን ካለባችሁ ሌላ ጣጣ ነው።

የሴራኖ ቃሪያ ችግኝ ስድስት ተርፎኛል፣ ቅርብ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝና ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ።